ከጎንደር እስከ መቅደላ፦ በሴባስቶፖል መንገድ ዘጠኝ ቀን

የዐፄ ቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። አንድ ወጥ ነሐስ ነው፤ አይፈታ፣ አይከፈል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አንሥተው መቅደላ እስኪያደርሱት ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። ይህ ማስታወሻ ያንን መስመር በተቻለ መጠን የተከተለ የጥር 2012 ዓ.ም. ጉዞ ነው። ከደብረ ታቦር እስከ ወገል ጤና መኪናው ከድሮው መንገድ ብዙም አይርቅም። ከዚያ በኋላ ግን በደሴ ዞሮ መግባት ይሻላል፤ ምክንያቱን ቦታው ላይ ስንደርስ።

ለዚህ መስመር ከጥር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ይመረጣል። ጎንደር ላይ የጥምቀት እንግዳ ተበትኖ የአልጋ ዋጋ ይወርዳል፤ ደላንታና ተንታ ላይ ደግሞ በልግ ገና አልገባም። በልጉ ከጀመረ የተንታ ጥቁር አፈር በቅሎ ያጣብቃል፤ መኪናማ አይነሣም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19፦ ጎንደር

አውሮፕላን ማረፊያው በዐፄ ቴዎድሮስ ስም ይጠራል፤ ፒያሳ መሐል ሐውልታቸው ቆሟል። ለጎንደር ግን ቴዎድሮስ ቀላል ሰው አልነበሩም። ከኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ጊዮርጊስና ከእመት አትጠገብ ቋራ ሻርጌ ተወለዱ። አድገው ከተማዋን ያዩዋት ንጉሡ ግንቡ ውስጥ ተቀምጦ ሥልጣኑ የራሶቹ በሆነበት ዘመን ነው። የፋሲልን ግቢ ሲጎበኙ ይህን ይዞ መግባት ይጠቅማል፤ በዘመነ መሳፍንት እነዚያ ግንቦች ነጋሢ ማስቀመጫ እንጂ መንግሥት አልነበሩም። ካሳ ከነገሡ በኋላ ጎንደርን መናገሻ አላደረጓትም። በ1859 ዓ.ም. ጭራሽ ዘርፈው አቃጠሏት፤ ከአብያተ ክርስቲያናቷ የተሰበሰበው ብራናም መቅደላ ወጣ። ያ ብራና የት እንደደረሰ ደላንታ ላይ እንመለስበታለን።

ቋራና ደረስጌ ማርያም በዚህ ጉዞ አይካተቱም። ቋራ በምዕራብ ቆላው ነው፤ ደረስጌ በስሜን፣ ከመካነ ብርሃን አጠገብ። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቀን ያስፈልጋል። አንዱን ብቻ መምረጥ የግድ ከሆነ ደረስጌ ይበልጣል። ደጃዝማች ውቤ ራሳቸው ሊነግሡባት ቤተ ክርስቲያኒቱን ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ አሠሯት፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ውጊያው ሌላ ሆነና ውስጧ ዘውድ የጫኑት ያሸነፏቸው ካሳ ሆኑ። ቀቢው አቡነ ሰላማ ነበሩ።

ረቡዕ፣ ጥር 20፦ ጎንደር – ወረታ – ደብረ ታቦር

ከጎንደር መናኸሪያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ቀድሞ መገኘት ነው። ሚኒባስ በሰዓት ሳይሆን በሰው ብዛት ነው የሚነሣ፤ ሁለተኛ ተራ ላይ የደረሰ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ሊቀመጥ ይችላል። በቀጥታ ደብረ ታቦር የሚል ከጠፋ የባሕር ዳሩን ይዞ ወረታ መውረድ፣ እዚያ መቀየር። ረዳቱ ሻንጣ ጣሪያ ላይ ከጫነ በሸራ መሸፈኑን ማየት ያስፈልጋል። እኛ አላየንም፤ አዲስ ዘመን ላይ ስንፈታው ልብሱ ሁሉ አቧራ ነበር።

ወረታ የፎገራ ሩዝ አገር ናት። እንጀራውን ከሩዝ ቀላቅለው ስለሚጋግሩት ነጣ፣ ለስለስ ይላል፤ ነገር ግን ሲውል ቶሎ ይደርቃል። የጤፍ እንጀራ ብቻ ለለመደ ሰው በትኩሱ ካልበላው አይጥመውም። ረቡዕ ስለሆነ በያይነቱ በላን፤ 40 ብር።

ከወረታ ምሥራቅ ሲታጠፍ መንገዱ ወደ 42 ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ አብዛኛው ዳገት ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፤ ፀሐይ እንደገባች ጋቢ ትፈልጋለች። የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ ናቸው፤ ቴዎድሮስ የየጁዎቹን መቀመጫ ነው የወረሱት። ለምን እዚህ እንደተቀመጡ ካርታ ማየት ይበቃል፦ ጎጃም በዓባይ በኩል፣ ወሎ በጨጨሆ በኩል፣ ስሜን በጎንደር በኩል ከዚህ ይደረሳል። ያን ጊዜ አንድነት ማለት ክረምት ሳይገባ ወደ አመፀው አገር ሠራዊት ማድረስ መቻል ነው። አንዱ ሲገብር ሌላው ያምፃል፤ ንጉሡም ዕድሜያቸውን በመንገድ ጨረሱት።

ሐሙስ፣ ጥር 21፦ ጋፋት

አስተርእዮ ማርያም ስለነበረ ከተማው ነጭ ለብሶ ወጥቷል። ባጃጅ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ጠፋ፤ ሲገኝም ዋጋውን እጥፍ ጠራ። ችግር የለውም፤ ጋፋት ከከተማው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በእግር ይደረሳል።

ፋብሪካ የሚመስል ነገር ጠብቆ የሚሄድ ሰው ይከፋዋል። ጭስ ማውጫ የለም፣ ግድግዳ የለም። መሬቱን ግን ማንበብ ይቻላል፤ ውሃ ቅርብ ነው፣ ሜዳው ለጋሪ ይመቻል፣ ከተማው ለንጉሡ ዓይን አይርቅም። እዚህ የሠሩት ስዊዘርላንድ ካለው የቅዱስ ክሪስኮና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡ የወንጌል መልእክተኞች ናቸው፤ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም አብረው ነበሩ። ሰዎቹ የመጡት ሊሰብኩ እንጂ መድፍ ሊያቀልጡ አልነበረም። ንጉሡ ግን ሥራችሁን በእጃችሁ አሳዩኝ አሏቸው። ከጎናቸው የአገሩ ቀጥቃጮች ቆመው ተማሩ፤ ከጋፋት ወሬ ሁሌም የሚረሳው ይኸ ነው።

ሴባስቶፖል የተቀለጠው በ1859 ዓ.ም. ነው። ስሙ በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩስያ ወደብ የመጣ ነው። ከባዱ ሥራ ሦስት ቦታ ላይ ነበር። አንደኛው እሳቱ ነው፤ ይህን ያህል መዳብና ቆርቆሮ በአንድ ጊዜ እንዲቀልጥ ወናፉ ሳያቋርጥ መንፋት አለበት፤ የምድጃው ሸክላ ደካማ ከሆነ ከመዳቡ ቀድሞ ራሱ ይቀልጣል። ሁለተኛው ቅርጹ ነው። ከጭቃ የተሠራ ቅርጽ ውስጡ ትንሽ እርጥበት ከቀረው፣ የቀለጠው ብረት ሲነካው ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ሁሉንም ይበትነዋል፤ ስለዚህ ከመቅለጡ ይልቅ ማድረቁ ነው ጊዜ የሚበላ። ሦስተኛው ፍሰቱ፦ መሐል ላይ ቢቋረጥ የቀዘቀዘውና ትኩሱ አይያያዙም፤ መድፉ ሲተኮስ በዚያ ስፌት ይተረተራል። ሙከራ ሳይበላሽ የተሳካ ሥራ አልነበረም፤ የመጨረሻው ግን ወጣ።

ከሰዓት ወደ ከተማ ተመልሰን ለመንገድ የሚሆን በሶና ቆሎ ገዛን። በሶውን እዚሁ መያዝ ነው፤ ከጋሸና ወዲያ በጾም ቀን ከሽሮ ሌላ ማግኘት ዕድል ነው።

ዓርብ፣ ጥር 22፦ ደብረ ታቦር – ነፋስ መውጫ – ጨጨሆ – ጋሸና

150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቅጥቅጥ ግማሽ ቀን። ጉና በቀኝ በኩል ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ነፋስ መውጫ ስሟን አታሳፍርም፤ ሻይ ሳይጠጡ መውረድ የለም።

ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው የተነሡት በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሲያልቅ ነው። ከኋላ የሚመለሱበት ነገር አልተዉም። ሠራዊት፣ ሴት፣ ሕፃን፣ የታሰሩ ፈረንጆች፣ ጋሪዎች፣ መድፎች፣ ሁሉም ባንድ መስመር። ጋሪውን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ገመድ ይጎትቱታል፤ ከፊት ድንጋይ ፈንቃዮች፣ ዛፍ ቆራጮች፣ ደልዳዮች። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ ያሳዩ ነበር። ዳገት ላይ መጎተት ጉልበት ነው የሚፈልገው። ቁልቁለት ግን ይብሳል፤ የጋሪው ክብደት ከፊት ያለውን ስለሚገፋ ሰዎቹ ወደ ኋላ ዞረው በገመድ ይይዙታል፤ ገመዱ ቢበጠስ ከፊት ያለ ሰው አይተርፍም።

በዚያ ጊዜ ግዛታቸው ምን ያህል ነበር? ላስታን ዋግሹም ጎበዜ ይዘዋል፤ ትግራይን ካሳ ምርጫ፤ ሸዋን ምኒልክ፤ ጎጃምን ተድላ ጓሉ። ዘመነ መሳፍንትን የዘጋው መንግሥት ካምፑ ባረፈበት ሜዳ ልክ ጠቧል። ከጨጨሆ በር ቆሞ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሲያዩ፣ ሰውየው የቀራቸው አገር የሚሠሩት መንገድ ብቻ እንደነበር ይገባል።

ጋሸና የላሊበላ መገንጠያ ናት፤ አልጋ በ150 ብር ተገኘ። ብርድ ልብሱ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቅዳሜ፣ ጥር 23፦ ጋሸና – ኮን – ጅጣ – ወገል ጤና

የጉዞው ልብ ይህ ቀን ነው። ከኮን በኋላ ሜዳው ድንገት ይቋረጥና የጅጣ ሸለቆ ይከፈታል። እስከ ወንዙ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁለት፣ ከዚያ እንደገና ያንኑ ያህል ዳገት።

የእኛ ሹፌር ገና አፋፉ ላይ ማርሹን ወደ ሁለት አወረደና እስከ ታች አልለወጠም። ልክ ነበረ። በፍሬን ብቻ የሚወርድ መኪና ከግማሽ ቁልቁለት በኋላ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ መያዝ ይተዋል። ከፊታችን የነበረው አይሱዙ እንዲያ ሆኖ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጎ ቆሞ አገኘነው፤ ጎማው ላይ ውሃ እንዳይደፋ ሹፌራችን ጮኸበት፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃልና። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ያ ሰዓት ግን አልባከነም፤ የሸለቆውን ግድግዳ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

በዚህ ገደል ላይ ቴዎድሮስ መንገድ አወጡ። ባሩድና ዶማ፣ ብዙ እጅ። የታሰሩትን ፈረንጆች ሊያስፈታ የተላከው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ናፒየር ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሥቶ ሲመጣ 13,000 ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ነበር፤ ጅጣ ሲደርስ ሠራዊቱ የወረደው ንጉሡ ለመድፋቸው ባሠሩት መንገድ ነው። የእንግሊዞቹ ጸሐፊዎች ሥራውን አድንቀው መዝግበዋል። መሐንዲስ የሌለው ንጉሥ የሠራውን መንገድ መሐንዲስ የሞላው ጦር ተመላለሰበት።

ልዩነቱን በመድፎቹ ማየት ይቻላል። የእንግሊዙ የተራራ መድፍ ተፈትቶ በበቅሎ ይጫናል፤ ከባዱን ዝሆን ይሸከመዋል። ሴባስቶፖል ግን አይፈታም። ስለዚህ አንዱ ወገን መድፉን ለመንገዱ አስማማ፤ ሌላው መንገዱን ለመድፉ።

ወገል ጤና ማታ ደረስን። ከአልጋ ቤቱ ደጅ ላይ ልጆች በጠርሙስ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ኦፓል ይዘው መጡ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የታወቀ የደላንታ ሀብት ነው። ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከውሃው አውጥቶ አድርቆ ይመልከተው፤ እርጥብ ሳለ ሁሉም ያበራል፣ ስንጥቅም አይታይም።

እሑድ፣ ጥር 24፦ ደላንታ – በሽሎ – ደሴ

ደላንታ ሜዳ ላይ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሁለት ቀን ሙሉ ጨረታ ተካሂዷል። ከመቅደላ የተዘረፈውን 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እዚህ አወረዱት፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ለብሪቲሽ ሙዚየም የመጣው ሆልምስ ወደ 350 የሚጠጋ ብራና ወሰደ። ጎንደር ላይ የጀመርነው የመጻሕፍት ታሪክ እዚህ ይደርሳል፤ ንጉሡ ከጎንደር ወስደው መቅደላ አከማቹት፣ እንግሊዝ ከመቅደላ ወስዶ ለንደን። ሁለተኛውን ዝርፊያ ብቻ የሚያወሳ አስጎብኚ ግማሹን ነው የሚናገር። ታቦታቱ በአብዛኛው እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው፤ ከንጉሡ የተቆረጠው ጸጉር ግን በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ተመልሷል።

ከዚህ መቅደላ በዓይን ቅርብ ናት። በእግር ግን በሽሎን ወርዶ መውጣት ነው፤ ከጅጣ የሚጠልቅ ሸለቆ፤ ታች ቆላ፣ ሙቀት፣ ጥላ የለም። ጠንካራ እግርና የአካባቢ መሪ ያለው ይሞክረው፤ ቴዎድሮስም እንግሊዝም በዚያ ነው የሄዱ። እኛ በመኪና በኩታበር ወደ ደሴ ዞርን። ደሴ ላይ ቅዳሜም እሑድም ሥጋ አለ፤ ጥብስ ከነአዋዜው ከአራት ቀን ሽሮ በኋላ ያስታርቃል።

ሰኞ፣ ጥር 25፦ ደሴ – አጅባር – ተንታ

ጠጠር መንገድ፣ አቧራ፣ በቀን ጥቂት መኪና። አጅባር ላይ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ገብቶ ደብዳቤ ማጻፍ ያስፈልጋል፤ ከምሳ በፊት ካልደረሱ ለማግሥቱ ይተላለፋል፣ ቀን ይበላል። በቅሎና ባለ በቅሎ ተንታ ላይ ይገኛሉ። 300 ብር ለቀን ተስማማን፤ የባለ በቅሎው ምሳ በእኛ። ሲዋዋሉ መመለሻውን መጨመር አይዘንጋ፤ አንዳንዱ ዋጋውን ለመሄጃ ብቻ ይቆጥራል።

ያደርንበት ቤት እማማ ሳንጠይቅ እግራችንን በሙቅ ውሃ አስታጠቡን። «ነገ ይቆጫችኋል፤ ዛሬ ይረፍ» አሉ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26፦ መቅደላ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሣት። ለሰው ሦስት ሊትር ውሃ፤ አምባው ላይ እተካለሁ ብሎ መተማመን አይገባም። ቁልቁለት ላይ ከበቅሎ መውረድ ይሻላል፤ ኮርቻው ወደ አንገት ይሸሻል፣ ጭራ ማሰሪያው ካልጠበቀ ሰውም አብሮ ይሄዳል። አንዱ ኮርቻ እንዲያ ሸሸ፤ ሰው አልወደቀም፣ የምሳ አገልግሉ ግን ገደል ገባ። ቀኑን በበሶ ዋልን።

ከተንታ የሚመጣ ሰው አምባውን በስተደቡብ ነው የሚያገኘው። የውጊያውን ቅደም ተከተል ለመረዳት ግን ተሻግሮ ወደ ሰሜኑ ጫፍ መሄድ አለበት። ከዚያ ፋላና ሥላሴ የሚባሉት ከፍታዎች፣ ከሥር ሰላምጌ፣ ከታች ደግሞ አሮጌ ሜዳ በአንድ እይታ ይዘረጋሉ። ሚያዝያ 3 ቀን፣ የስቅለት ዕለት፣ ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዘው ከከፍታው ወደ አሮጌ ወረዱ። ቁልቁለቱን ሲያዩት የወረደ ሰው በቀላሉ እንደማይመለስ ይታያል። ጠላት ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ይዟል፤ ተኝቶ ይጎርሳል፣ በፍጥነት ይተኩሳል። ከኢትዮጵያ ወገን ከ700 በላይ ሰው ወደቀ፤ ገብርዬም እዚያው ቀሩ። ከእንግሊዝ በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው።

አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ከአሮጌ አንድ ቀን በፊት ቴዎድሮስ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን በዚሁ ገደል አስወርውረዋል። መቅደላ ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ወህኒም ነበረች፤ የሸዋው ምኒልክ አሥር ዓመት ያህል ታስረው በ1857 ዓ.ም. ያመለጡት ከዚህ ነው። ያን ጊዜ ጥገኝነት የሰጧቸው የወሎዋ ወርቂት ሲሆኑ፣ ልጃቸው በንጉሡ እጅ ነበረና በሕይወቱ ከፈለ። ንጉሡን ለመውደድ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ኮኪት በር ጠባብ ናት። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች በሩን ሊያፈርሱ ሲደርሱ ባሩዱንና መሰላሉን ረስተው መጥተዋል፤ ወታደሮች አጥሩን ተንጠላጥለው ገቡ። ንጉሡ ከበሩ ጥቂት ራቅ ብለው ራሳቸውን ገደሉ፤ ሽጉጡ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችው ነበር። በ1855 ዓ.ም. ለዚያችው ንግሥት የጻፉት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ነው የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሩን የታሰረው፤ ጠቡም ከዚያ የጀመረ። መጀመሪያ የተቀበሩት እዚሁ መድኃኔ ዓለም ነው፤ አጽማቸው በኋላ ወደ ቋራ ማኅበረ ሥላሴ ተወስዷል። እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዞቹ ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ ሞተው ጨለቆት ተቀበሩ፤ የሰባት ዓመቱ ልጃቸው አለማየሁ ባሕር ተሻገረ፣ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ።

ሴባስቶፖል እዚሁ አለ። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ቆሞ የሚታየው አምሳያው ነው፤ ዋናው ይህ ነው። አፉ ሰፊ፣ ርዝመቱ አጭር፤ ፎቶ ላይ ከሚታየው ይልቅ ወፍራም። እጅን ላዩ ላይ አሳርፎ ጅጣን ማሰብ ብቻ ይበቃል። ወራሪዎቹ አምባውን አቃጥለው፣ ዘውዱንና ብራናውን ጭነው ሲሄዱ ይህን አልነኩትም። የሚያነሣው ዝሆን አልነበራቸውም።

ረቡዕ፣ ጥር 27፦ መመለስ

ከተንታ ወደ ደሴ የሚወጣው መኪና ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ይነሣል። ያመለጠው በአይሱዙ ጣሪያ ይሄዳል ወይም ሌላ ሌሊት ያድራል። ባለ በቅሎው ሊሸኘን መጣ፤ ገደል የገባውን አገልግል ክዳን አግኝቶ ይዞልን ነበር።